የቀለለው ወንድሜ

በእኛ ሠፈር ሰው ከማቅለያ ቤት ሲመለስ በባዶ እጅ ሄዶ መጠየቅ ነውር ነው። ዳቦ ወይም ሙዝ ይያዛል። በሩ ላይ «እንኳን ቀለለህ» ይባላል፤ ባለቤቱም «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብሎ ያስገባል። ምን እንደወጣለት ማንም አይጠይቀውም፤ ቢጠየቅም አያውቀውም። ከጆሮው ጀርባ ምስር የምታክል ጠባሳ አለች። ፊቱ ጠግቦ እንደተኛ ሕፃን ወዝ ያወጣል። «ሻይ ላፍላ? ምን ልስጣችሁ?» እያለ ቤቱ ውስጥ ይንጎራደዳል።

የሚጸጽተውን ነገር ከአእምሮው ለማስወጣት ሁሉም ይሄዳል። ነጋዴው ከዓመት በዓል በፊት፣ ተማሪው ከፈተና በኋላ፣ ሙሽራው ከሠርጉ ዋዜማ። ትልልቆቹ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ግማሽ ቀን ፈቃድ ይሰጣሉ። በየሕንፃው መግቢያ ላይ የተሰቀለው ስክሪን ሰው ባለፈ ቁጥር «ዛሬ ምን ከበደዎት?» ይላል። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ንስሐ ልግባ የሚል ቢገኝ እንኳ ከቄሱ ፊት ተቀምጦ የሚናገረው ያጣል። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ በቀደም «እማማ ሶልያና፣ ጸጸት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «የሚበላ ነገር ነው» ብዬ ሸኘኋት። ብጀምረው መቼ ልጨርሰው ነው?

ሕጉ አጭር ነው። የቀለለን ሰው ያስወጣውን ነገር ማስታወስ ያሳስራል። ድሮ ሰው ሲመሰገን «ወዳጁን የማይረሳ፣ አስታዋሽ» ይባል ነበር፤ ዛሬ በሠፈራችን አስታዋሽ ማለት ስድብ ነው።

እኔ ደሴ፣ ሆጤ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ያንን ረጅም ምላስ ለብዙ ዓመት ጠቅልዬ የተቀመጥኩት በታላቅ ወንድሜ በኪሩቤል ምክንያት ነው።

ከፒያሳ እስከ ጦሳ ተራራ አናት ድረስ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣው መኪና አለ፤ ሠፈሩ «ሽቦው» ይለዋል። ወንድሜ እዚያ የፈረቃ አለቃ ነበር። ባለቤቴ አቤኔዘር ደግሞ ከሥሩ የሚሠራ ቴክኒሻን። አንድ የበዓል ጠዋት አቤኔዘር «ገመዱ ጤና የለውም፣ ሽቦው ይቁም» አለው። ኪሩቤል «ይኼን ሁሉ ሕዝብ የት ላድርገው? ይሂድ» አለ። ሄደ። አንደኛው ክፍል ከነተሳፋሪዎቹ ወደቀ። አራት ሰው ሞተ። ፍርድ ቤት፣ ከእኔ በቀር ሰው ባልገባበት ዝግ ችሎት፣ በቀረቡ ጊዜ ወንድሜ እጁን ወንጌል ላይ ጭኖ «ቴክኒሻኑ ምንም አልነገረኝም» ብሎ መሰከረ። አቤኔዘር ተፈረደበት። ፍርዱን ሳይጨርስ እዚያው እስር ቤት ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ኪሩቤል እንቅልፍ አጣ፣ ከሳ፣ ጠጪ ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ማቅለያ ቤት ገባ። ለእኔ በስልኬ መልእክት ደረሰኝ፤ «ወንድምዎ ቀልሎላቸዋል። እንኳን ደስ አለዎት። ከዛሬ ጀምሮ ጉዳዩን ከማንሣት እንዲቆጠቡ በትሕትና እናሳስባለን።» እንኳን ደስ አለዎት! ስልኩን ከግድግዳ ጋር አላተምኩት፤ ያን ያህል ነው ደስ ያለኝ።

ያወጡለት በነገሩ ውስጥ የነበረውን የራሱን እጅ ብቻ ነው። አቤኔዘር በሐሰት ምስክር እንደታሰረ ቀብሩ ላይ ከእኔ ልቅሶ ሰምቷል፤ ምስክሩ እሱ ራሱ እንደሆነ ግን አያውቅም። እኔም ያኔ ማን እንደሆነ ለሰው አልተናገርኩም፤ ወንድሜ ነው፣ ገመና ነው ብዬ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሕጉ አፌን ዘጋው። በየእሑዱ ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧዬን ያጠብቅልኛል፣ የአቤኔዘርን ፎቶ ያይና ራሱን ይነቀንቃል። «አይ አቤኔ! ሰው ማለት እሱ ነበር። ያ በሐሰት የመሰከረበት ማን ይሆን ሶሊ? ማንም ይሁን፣ እግዚአብሔር የእጁን ይስጠው!»

እንዲህ ሲባል አሜን ይባላል። እኔ ተነሥቼ ዕቃ አጥባለሁ።

ባለፈው ዓመት የኪሩቤል ሚስት ቤዛዊት ታመመች። ማንንም ክፉ ተናግራ የማታውቅ፣ ሳቂታ ሴት ናት። ሐኪሞቹ ከፋሲካ ብዙ አትዘልቅም አሉ። እሷ ስለ ሞቷ አልተጨነቀችም፤ የጨነቃት ሳትቆርብ መሄዷ ነው። በእኛ ሥርዓት የተጋቡ ሰዎች አንድ አካል ናቸውና አብረው ንስሐ ገብተው አብረው ነው ለሥጋ ወደሙ የሚቀርቡት። «ኪሩዬ፣ አንተ ከቀረህ እኔም እቀራለሁ። ተነሥ፣ የነፍስ አባታችን ጋ ሂድ» አለችው። ይወዳታል። ተነሥቶ ሄደ።

ያኔ የሆነውን በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። የነፍስ አባታቸው ቀሲስ እንባቆም ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ኪሩቤል ጾም መሻሩን፣ መቆጣቱን፣ መዋሸቱን፣ ትንንሹን ነገር ሁሉ ዘረዘረላቸው። እሳቸው ከጆሮው ጀርባ ያለችውን ጠባሳ አዩ።

«ይህችስ ልጄ?»

«አላውቃትም አባቴ። እንዳላውቃት አይደል ያስወጣኋት?»

«ይኼ ቀለለ እንጂ አልተሠረየም» አሉት። «ሐኪሙ ያነሣው ከአንተ ላይ ያለውን ሕመም ነው። የበደልከው ሰው ቤት ሕመሙ እንዳለ ተቀምጧል።»

«እግዚአብሔር ያውቀው የለም? እሱ ይቅር ይበለኛ!»

«ያውቃል። ይቅርም ይላል። ግን ያው እሱ ነው፣ መባህን ትተህ መጀመሪያ ሂድና ታረቅ ያለው።»

«ማን እንደሆነ ሳላውቅ?»

«እንግዲያስ ሁሉንም ጠይቅ» አሉት።

በአገራችን በደለኛ ሲታረቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ በተበዳዩ ደጅ ይወድቅ ነበር። ተበዳዩ ይቅር ለእግዚአብሔር ሲል ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። እኔ ራሴ በልጅነቴ አንዴ ብቻ ነው ያየሁት። የዛሬ ልጆች ጭራሽ አያውቁትም። ኪሩቤል ጉልቻ የሚያክል ድንጋይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አነሣ፣ ማጅራቱ ላይ አስቀመጠ፣ በሁለት እጁ ደግፎ ወደ ሠፈር ገባ።

መጀመሪያ ባለሱቁ ናሆም ደጅ ተንበረከከ።

«ኪሩቤል! ምን ሆነሃል? ምን በድለኸኝ ነው?»

«አላውቅም። በድዬህ እንደሆነ ይቅር በለኝ።»

ናሆም አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «አንዴ መሰላሌን ወስደህ አልመለስክልኝም።»

«ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር! ግን መሰላሉ የት ነው?»

ሠፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ልጆች ስልካቸውን ደግነው ተከተሉት። «ፋዘር፣ እኔንም በድለኸኛል!» እያሉ ቀለዱበት። እሱ ግን እያንዳንዱን ዞሮ «ይቅር በለኝ ልጄ» ይለዋል፤ ከልቡ ነው። በማግስቱ ሳቁ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ሰው በሩን ከፍቶ ቆሞ መጠበቅ ጀመረ። አንዳንዱም ድንጋዩን አውርዶ ሲያበቃ «አንተስ፣ እኔ በድዬህ ይሆን?» ብሎ እሱን ይጠይቀው ጀመር። ኪሩቤልም ከእያንዳንዱ ደጅ ድንጋዩን መልሶ እየተሸከመ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ የትኛው ደጅ እንደሆነ አያውቅማ።

እኔ ከመስኮቴ አያለሁ። ልጇ በሽቦው የሞተባት ኤልሻዳይ ደጅ ሲደርስ መስፊያዬን አቆምኩ። ኤልሻዳይ ሮጣ ወጣች። «አንተ ምን በድለኸኝ ጋሼ ኪሩቤል? ልጄን ቀብረህልኛል እንጂ!» አለችና ድንጋዩን አውርዳ አቅፋው አለቀሰች። እሱም አብሯት አለቀሰ። እኔ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ተቃጠልኩ።

እኔ ጋ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ስለነበር በደረጃ ነው የወጣው። በሬን ስከፍት ላቡ እየተንጠፈጠፈ ተንበርክኳል። ፈገግ አለልኝ።

«አንቺ ጋ እንኳ ለደንቡ ነው የመጣሁት ሶሊዬ። በዓለም ላይ ያልበደልኩት ሰው ቢኖር አንቺ ነሽ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» ብዬ በሩን ብዘጋ እኮ ነገሩ አልቋል። እሱና ቤዛዊት ይቆርባሉ፣ እኔም አልታሰርም። አላልኩም። ከቅድስና አይደለም፤ ከንዴት ነው።

«ኪሩ፣ አቤኔዘር ላይ በሐሰት የመሰከረው ማን ነው እያልክ ትጠይቀኝ አልነበር?»

«አዎ።»

«አሁንም ትጠይቀኛለህ?»

«ታውቂዋለሽ እንዴ? ንገሪኝ እንጂ!»

«አንተ ነህ።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየ። እኔ ቆሜ፣ እሱ ተንበርክኮ፣ ሁሉንም ነገርኩት፤ ገመዱን፣ «ይሂድ» ያለውን፣ ወንጌሉን፣ አቤኔዘር ከተከሳሽ ሳጥን ሆኖ እንዴት እንዳየው። አንዲት ቃል አላስቀረሁም።

«ትዝ አይለኝም» አለ። «ምንም ትዝ አይለኝም። ግን አንቺ ዋሽተሽኝ አታውቂም።» ከዚያ አንድ ነገር እንደተሰበረበት ሁሉ ግንባሩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ድንጋዩን ግን አልለቀቀውም። «አራት ሰው» አለ። «ኤልሻዳይ አቀፈችኝ እኮ። ወይኔ! አቅፋኝ አለቀሰች እኮ!»

ማቅለያ ቤት የእጁ አንጓ ላይ ያሰረለት ትንሽዬ መሣሪያ ቀይ አብርታ ጮኸች። የቀለለ ሰው ሲጨነቅ ማቅለያ ቤት ይሰማል። ብዙም አልቆየ፣ ሁለት ወጣቶች ደረጃውን ሮጠው ወጡ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ ልብሳቸው የተተኮሰ፣ ሽታቸው ጥሩ። ልጅቷ አጠገቡ ቁጭ አለችና እጁን ያዘችው።

«አባት፣ አይዞዎት። እዚሁ እንጨርሰዋለን፣ ምንም አያምም። እሺ ይበሉን ብቻ።»

«አትንኩኝ ልጆቼ» አለ።

«እየተሠቃዩ እኮ ነው አባት።»

«ልሠቃይ።»

«ለምን?» አለች። ተንኮል የላትም፤ በእውነት አልገባትም። ዕድሜዋ ሃያ አምስት ቢሆን ነው፤ ሰው ለምን ሕመሙን ይዞ እንደሚቀር ያስረዳት የለም።

ኪሩቤል ቀና አለ። «ይኼን ከወሰዳችሁብኝ እህቴ ምኔን ይቅር ትለኛለች?»

ልጅቷ እጁን ለቀቀች። ልጁ ግን ሥራውን ያውቃል። መቅጃውን ከፈተና «ማን ነው ያስታወሰዎት?» አለው። እኔን ላለማየት ይጠነቀቃል፤ ያው አውቆኛል። አንድ ውሸት ብትወጣው እኔ ነጻ ነኝ። በአቤኔዘር ጊዜ ውሸት አልገደደውም ነበርና አሁን ይዋሽልኛል ብዬ ጠበቅሁ። ልንገራችሁ፣ እንዲዋሽልኝም ፈልጌ ነበር።

«እህቴ ሶልያና ናት የነገረችኝ» አለ። «የጠየቅኋት ግን እኔ ነኝ። ቤቷ ድረስ መጥቼ፣ ንገሪኝ ብዬ ለምኜ። ይኼንንም ጨምረህ ቅዳልኝ፤ እኔ ኪሩቤል በአቤኔዘር ላይ የመሰከርኩት ሐሰት ነው። ፍርድ ቤት ቀርቤ እደግመዋለሁ።»

«ራስዎን እያሳሰሩ ነው አባት።»

«አዎ ልጄ።»

ልጁ መሣሪያውን ነካካ፣ አነበበ፣ እንደገና አነበበ። የቀለለው ሰው ራሱ ከጠየቀ ምን እንደሚደረግ ሕጉ ላይ የለም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች፣ አንድ ሰው የጣለውን ተመልሶ ይፈልጋል ብለው አላሰቡም። ሁለቱም ግራ ተጋብተው ሄዱ። ልጅቷ ደረጃው ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችው።

ብቻችንን ቀረን። «ሶሊ» አለኝ። «ይቅር በይኝ።»

አቃተኝ። ስንት ዓመት ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስመኝ ኖሬ፣ ሲመጣ እጄ አልንቀሳቀስ አለ። አቤኔዘር ፊቴ ቆመ። «አልችልም ኪሩ» አልኩት።

«ልክ ነሽ» አለ። አልተከራከረም፣ ቤዛዊት እየሞተች ነው አላለኝም። ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ፣ ድንጋዩን እንደተሸከመ ወደ ደረጃው ሄደ።

በሩን ዘግቼ ቆምኩ። እግሩ ሲጎተት ይሰማኛል። ደረጃው ላይ ማንም የለም፣ ማንም አያየውም። አሁን ያወርደዋል ብዬ ድንጋዩ ሲቀመጥ ለመስማት ጆሮዬን ሰጠሁ። አንድ ፎቅ ወረደ። አላወረደውም። ሌላም ወረደ። ይኼ ሰውዬ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ እኔ ይቅር አልልህም ብዬዋለሁ፣ ለማን ብሎ ነው የሚሸከመው? ያኔ ነው የገባኝ። ለእኔ ለማሳየት አልነበረም። እውነትም ከብዶታል።

በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረስኩበት። ግድግዳ ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላል። ማጅራቱ ተልጧል። ድንጋዩን በሁለት እጄ ያዝኩና አነሣሁት። ከበደኝ፣ ልጥለው ምንም አልቀረኝም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት።

ደረጃው ላይ ተቀምጠን ተቃቅፈን አለቀስን። አቤኔዘርን ከወንድሜ ጋር አልቅሼለት አላውቅም ነበር። አብረን አለቀስንለት።

በሚቀጥለው ቀን ኪሩቤል ድንጋዩን ይዞ ኤልሻዳይ ደጅ ተመለሰ። ነገራት። በሩን ዘጋችበት። እስከ ዛሬ አልከፈተችለትም፤ መብቷ ነው። ሰው የሞተባቸውን ሌሎቹንም ሦስት ቤቶች አዳርሷል። ቀሲስ እንባቆም ሁሉንም ሰምተው ፈቱት። «የማይከፈት በር ቢኖርም አንተ ከማንኳኳት አትቦዝን፤ ጌታ ግን በሩን ከፍቶልሃል» አሉት።

ጸሎተ ሐሙስ ቀን ቆረቡ። ቤዛዊትን በወንበር ተሸክመው አስገቧት። ሁለቱም ነጭ ለብሰው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ እኔ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ነበር። ብዙ የተከበሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሹም አይቻለሁ፣ ሀብታም አይቻለሁ። ወንድሜ ያን ቀን የታየኝ ከሁሉም በላይ ሆኖ ነው። አንገቱ ላይ ቁስሉ ገና አልዳነም፣ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል፣ ግን እንደዚያ ያማረ ሰው አይቼ አላውቅም። ቤዛዊት የፋሲካን ሳምንት ሳትጨርስ አረፈች፤ እጇ እጁ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ያለውን ደገመ። የአቤኔዘር ስም ጸዳ፣ ኪሩቤል ተፈረደበት። እኔን የከሰሰኝ የለም። ዳኛው «ከቀለሉ ቅጣትዎ በግማሽ ይቀነሳል፣ ያስቡበት» አለው። ወንድሜ አመስግኖ እንቢ አለ።

ማረሚያ ቤቱ ንጹሕ ነው። ጸጥታ አለው፣ አበባ ተተክሎበታል። እስረኞቹ ሁሉ ቀልለዋል፤ ፊታቸው ወዝ አለው፣ ሲጠሩ ይመጣሉ፣ ሲባሉ ይተኛሉ። ማናቸውም ለምን እንደታሰሩ አያውቁም። በዚያ ግቢ ውስጥ ለምን እንደታሰረ የሚያውቅ ወንድሜ ብቻ ነው። ወደ ማታ ሲጸልይ አንድ ሁለት እያሉ መጥተው አጠገቡ መቆም ጀምረዋል አሉ።

ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ አንድ ግዙፍ ሽበታም እስረኛ ወንበር አመጣልኝ። ሚኪያስ ይባላል። ስንቄን ስዘረጋ አልሄደም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«ወንድምዎ ታድለዋል እትዬ» አለኝ። «ማንን ይቅር በለኝ እንደሚሉ ያውቃሉ።»

ምን ይባላል? ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ፊቴን አጥብቆ አየኝ፣ ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ አገጬን።

«እርስዎን በድዬዎት ይሆን?» አለኝ።

አይቼው አላውቅም። ይህን ያህል ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲርበተበት ሳይ ተነሥቼ እጁን ያዝኩት።

«እኔን አይደለም ወንድሜ» አልኩት። «ግን ፈልግ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀጥላ ወደተቀመጠችው ጠያቂ ሄዶ ጎንበስ አለ።